«የልጆች ጨዋታ ነው» አይባልም

አዲስ አበባ ከገባሁ ሁለት ሳምንቴ ነው። ያረፍኩት አራት ኪሎ አክስቴ ቤት ነው። የ12 ዓመት ልጄን ይዣት የመጣሁት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ትምህርት ቤት ያየችውን ትንሽ እንድትረሳው ብዬ ነበር።

እዚያ ሦስት የክፍሏ ልጆች ጸጉሯን «የድስት መፈግፈጊያ» ይሏታል። ነክተውት እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ይጠርጋሉ። እሷም ቤት ገብታ «ማሚ፣ ጸጉሬን ተኩሺልኝ» ትለኛለች። እኔ ደግሞ «ንቀሽ ተያቸው» አልኳት፤ ያደግኩት እንደዚያ እየተባልኩ ነዋ። ለካስ ሁለት ወር ሙሉ ምሳዋን የምትበላው ሽንት ቤት ተደብቃ ነው። ይህን ስሰማ የተሰማኝን አልረሳውም።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናት የመከረችኝ። ለትምህርት ቤቱ አትደውይ፣ ጻፊ አለችኝ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተባለውን ቃል እንዳለ፣ ማን እንደሰማ፣ ልጆቹ በስልክ የላኩላትንም ፎቶ አንስተሽ። የመጀመሪያው መልስ «ልጆች እኮ ናቸው» የሚል ነበር። ሁለተኛው ደብዳቤዬ ላይ እ.ኤ.አ. የ1964ቱን የሲቪል መብቶች ሕግ ጠቀስኩ፤ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት ተማሪ በዘሯ ስትሰደብ ዝም ብሎ ማየት አይችልም። ያን ጊዜ ጠሩን። የልጆቹ ወላጆችም መጡ፣ የመቀመጫ ቦታም ተቀየረ። ልጄ አሁንም ጸጉሯን ጠቅልላ ነው የምትወጣው፤ ምሳዋን ግን ከሰው ጋር ትበላለች።

እዚህ ስመጣ ከዚህ ነገር ያረፍን መስሎኝ ነበር።

የጎረቤታችን ልጅ ሰባተኛ ክፍል ናት፤ ከልጄ ጋር ወዲያው ተግባቡ። ቅዳሜ ሁለቱንም ይዤ ፒያሳ፣ ዓድዋ መታሰቢያ ሄድን። ፎቶ ተነሱ። ልጅቷ ስልኩን ተቀብላ ፎቶው ላይ ፊቷን በጣቷ እያሻሸች አቀላችው፣ እንደገና አቀላችው፣ የራሷ ፊት እስኪጠፋ ድረስ። ለምን ስላት አቀርቅራ፣ «ክፍል ውስጥ ባሪያ ነው የሚሉኝ» አለችኝ። ልጄ ቃሉን አታውቀውም። «ማሚ፣ ምን ማለት ነው?» አለችኝ፣ እዚያው መታሰቢያው ግቢ ውስጥ ቆመን።

ማታ ለአክስቴ ነገርኳት። «ኧረ ተይ ልጄ፣ የልጆች ጨዋታ ነው፤ እኛም ስንባባል ነው ያደግነው» አለችኝ። አክስቴ ደግ ሰው ናት፤ ግን ያው የአሜሪካኑን መልስ ነው የሰጠችኝ። ባርነት በአዋጅ ከቀረ፣ በ1934፣ ስንት ዘመኑ ነው! ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 25 በቀለም ሰው ከሰው አይለይም ይላል። ቃሉ ግን እስከ ዛሬ ከልጆች አፍ አልወጣም፤ ልጆቹ ደግሞ የሰሙት ከእኛው ነው።

እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። የእኔ ልጅ አልቅሳ ቤት ስትገባ የሚጠብቃት ሁሉ እሷን ይመስላል። ይህቺ ልጅ ግን ቤትም እህቷ «ቀዮ» ስትባል እሷ «ጥቁሯ» ናት። ታዲያ የት ሄዳ ታልቅስ?

እናቷን ቡና ላይ አናገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፣ ፎቶውን ሳሳያት ግን ዝም አለች። ከዚያ የልጅቷን ደብተር አመጣችና የመጨረሻው ገጽ ላይ ሦስታችን ቁጭ ብለን ጻፍን፤ ቀኑን፣ ማን እንዳለ፣ ምን እንዳለ። ሰኞ ጠዋት ዩኒት ሊደሩ ጋ አብረን እንሄዳለን።