በስህተት የተፈታውና ፍቱት ተብሎ ያልተፈታው

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 24 ቀን 2025፣ ዓርብ ዕለት፣ ከለንደን በስተሰሜን ምሥራቅ ካለው የቼልምስፎርድ እስር ቤት አንድ ኢትዮጵያዊ እስረኛ በስህተት ተለቀቀ። ሰውየው በትንሽ ጀልባ ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝ በገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ኤፒንግ በምትባል ከተማ በአንዲት የ14 ዓመት ልጅና በአንዲት ሴት ላይ ወሲባዊ ጥቃት አድርሶ የአንድ ዓመት እስራት የተፈረደበት ነው። በዚያ ዓርብ ወደ ስደተኞች ማቆያ ተዛውሮ፣ ከዚያ ወደ አገሩ መላክ ነበረበት። በሩ ተከፍቶለት ወጣ። እዚያው የነበረ አንድ ዕቃ አመላላሽ ሾፌር ለቴሌቪዥን እንደተናገረው፣ ሰውየው ራሱ ግራ ገብቶት ወደ እስር ቤቱ ደጋግሞ ቢመለስም የሚያስገባው አላገኘም። በመጨረሻ ባቡር ተሳፍሮ ለንደን ገባ። እሑድ ፊንስበሪ ፓርክ አካባቢ ተያዘ፣ ማክሰኞ ሌሊት ወደ አዲስ አበባ ተጫነ። ጉዞውን እንዳያውክ 500 ፓውንድ ተሰጥቶት እንደነበርም መንግሥት ራሱ አመነ።

ከሁሉ በፊት ልጅቷ ትታሰበኝ ነበር። ፍርድ ቤት ቀርቦ መመስከር ለ14 ዓመት ልጅ ከባድ ነገር ነው። ያንን ሁሉ አልፋ፣ አጥፊው ተፈርዶበት፣ ከአንድ ወር በኋላ መንገድ ላይ ነው መባሉን እሷም ቤተሰቧም በዜና ይስሙት? ስለ ፖለቲካው የምለው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

እኛ እዚህ እንግሊዝ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ደግሞ ያን በጋ አንገታችንን ደፍተን ነው ያሳለፍነው። ጥገኝነት ጠያቂዎች ያረፉበት ቤል ሆቴል በር ላይ ከጁላይ ጀምሮ ሰልፍ ነበር። የኤፒንግ ምክር ቤት ሆቴሉን ከሶ፣ ጥገኝነት ጠያቂዎችን እንዳያስተናግድ በኦገስት 19 ከከፍተኛው ፍርድ ቤት እግድ አገኘ፤ በዚያው ወር 29 ቀን ይግባኝ ሰሚው እግዱን አነሳው። ሴፕቴምበር 13 ቀን ስደትን በሚቃወም ሰልፍ በለንደን መሐል ፖሊስ ከ110 ሺህ በላይ ብሎ የገመተው ሕዝብ ወጣ። በየዜናው «ኢትዮጵያዊ» የሚለው ቃል ከዚያ ሰው ጥፋት ጋር አብሮ ይጠራ ነበር። በአውቶቡስ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ከየት ነህ ሲለኝ መልሱ ከአፌ ለመውጣት የዘገየበት ጊዜ ቢኖር ያ በጋ ነው። በአንድ ሰው ወንጀል ወገኑ ሁሉ ሲወቀስ ምን እንደሚመስል ግን ከእንግሊዝ አልተማርንም። አገራችን ውስጥ አንድ ሰው ባጠፋው ስንት ቀዬ «የእነ እገሌ ዘር» ተብሎ እንደተፈረጀ እናውቃለን። እዚህ ሲደርስብን ያንገበገበን ነገር እዚያ ስናደርገውም ሊያንገበግበን ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እስረኛው ዓርብ ተለቀቀ፤ ሰኞ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና የፍትሕ ሚኒስትር የሆኑት ዴቪድ ላሚ ፓርላማ ውስጥ ቆመው ነበር። በአንድ እስረኛ ጉዳይ የመንግሥት ሁለተኛ ሰው በሦስተኛው ቀን ተወካዮች ፊት ቀርበው፣ ሊሆን የማይገባው መሆኑን አምነው፣ ከእያንዳንዱ መፈታት በፊት የሚደረገውን ማጣሪያ ማጥበቃቸውን ተናገሩ። ነጻ ምርመራ እንዲያካሂዱም የቀድሞዋ የብሔራዊ ወንጀል መከላከያ ተቋም ኃላፊ ሊን ኦውንስ ተሰየሙ። ተቃዋሚው አላዘነላቸውም፤ የራሳቸው ፓርቲ አባላትም አልሸሸጓቸውም።

ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ግን አንድ ቁጥር ነው። እስከ ማርች 2025 በነበረው አንድ ዓመት ውስጥ በእንግሊዝና በዌልስ 262 እስረኞች በስህተት ተለቀዋል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 115 ነበር። ይህን ቁጥር ያጋለጠ ሾልኮ የወጣ ሰነድ የለም፤ ጋዜጠኛም ከጓዳ አላወጣውም። የፍትሕ ሚኒስቴሩ ራሱ ቆጥሮ በየዓመቱ የሚያወጣው ነው። እስር ቤቶቹ ሞልተዋል፤ ቦታ ለማስለቀቅ ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ብዙ ፍርደኞች የቅጣታቸውን 40 በመቶ እንደጨረሱ እንዲወጡ ተደርጓል፤ የእስራት ዘመን ስሌቱ ውስብስብ ነው፣ አሁንም በብዛት በወረቀት ይሠራል፣ ሠራተኛው ደግሞ አዲስና ጥቂት ነው። ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ማንም በአንድ ቀን ሊያስተካክለው አይችልም። ነገር ግን መንግሥት የራሱን ጉድ በራሱ እጅ ቆጥሮ፣ ከአምናው ከእጥፍ በላይ ሆነብኝ ብሎ በአደባባይ ማውጣቱን ቀላል ነገር አድርጌ ላየው አልችልም።

ኖቬምበር 5 ቀን ደግሞ ረቡዕ ነበር፤ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የጥያቄ ሰዓት። ስታርመር ብራዚል ለሚካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ ስለሄዱ ላሚ ተተክተው ቆሙ። ከተቃዋሚው ወንበር የተነሱት ጄምስ ካርትሊጅ አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ ከዚያ ሰው ወዲህ ሌላ ጥፋተኛ ጥገኝነት ጠያቂ በስህተት ተለቋል ወይ? ላሚ ዙሪያውን ተናገሩ። ካርትሊጅ ያንኑ ጥያቄ ደገሙት። አሁንም መልስ የለም። እንደገና ጠየቁ፣ እንደገና። ስብሰባው እንዳበቃ ወዲያው ከዎንድስዎርዝ እስር ቤት ሌላ የውጭ አገር ዜጋ በስህተት መለቀቁ ተሰማ። ሚኒስትሩ በኋላ ዝርዝሩ በእጃቸው ስላልነበረ እንዳልመለሱ አስረዱ፤ ብዙ ሰው ግን አልተቀበላቸውም።

የኛን ምክር ቤት ስብሰባ የሚከታተል ሰው ልዩነቱ የት እንዳለ ወዲያው ይገባዋል። ጠቅላይ ሚኒስትራችን ሲቀርቡ የአባላቱ ጥያቄዎች አንድ በአንድ ይነበባሉ፣ ሁሉም ተነበው ሲያልቁ መልሱ ለሰዓታት በአንድነት ይሰጣል። ከጥያቄዎቹ መካከል ጠንካሮች አሉ፤ አንዳንዶቹን ስሰማ ጠያቂውን አክብሬያለሁ። ግን ጥያቄው ተዘልሎ ቢታለፍ «አልመለሱልኝም» ብሎ የሚነሳበት ተራ የለውም። እንግሊዞቹ ዘንድ ለተቃዋሚው መሪ ስድስት ጥያቄ ተሰጥቶታል፤ ስድስቱንም አንድ ነገር ላይ ማዋል ይችላል። ያ ረቡዕ ጥርስ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ካርትሊጅ የተለየ ጥያቄ አላመጡም፤ ተከታይ ጥያቄ ግን ነበራቸው።

ብሪታንያ ያን ሰሞን የተናወጠችው መታሰር የነበረበት ሰው ስለተለቀቀ ነው። እኔ ግን ዜናውን እየተከታተልኩ የማስበው በአገሬ መፈታት ሲገባቸው ስላልተፈቱት ነበር።

ሕጋችን ጎደሎ ሆኖ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ ፖሊስ ይህን ካላደረገ ሰውየው አካሉ ነጻ እንዲወጣ ለፍርድ ቤት የማመልከት መብት አለው፤ ዋስትናም መብት ነው። ዳኞቻችንም ቢሆኑ ብዙ ጊዜ ይጽፋሉ። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የልብ ሕመምተኛው ፖለቲከኛ ልደቱ አያሌው በ100 ሺህ ብር ዋስ እንዲወጡ ፍርድ ቤት ፈቀደ፤ የቢሾፍቱ ፖሊስ አልለቅም አለ። ከእስር የወጡት ከወራት በኋላ ነው። ቡራዩ ውስጥ ታስረው የነበሩ ሰባት የኦነግ አመራሮች ፍርድ ቤት ፍቱ ብሎ እያለ ዓመታት አለፈባቸው። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ጉዳዩን መርምሮ እንዲፈቱ በይፋ ጠይቆ ነበር፤ የወጡት ነሐሴ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። እነዚህ ስማቸው የሚታወቅ ሰዎች ናቸው፣ ጋዜጠኛ የሚከተላቸው፣ አምነስቲ የሚጮህላቸው። ስሙን ከቤተሰቡ በቀር ማንም የማያውቀው ልጅ የመፍቻ ትእዛዙ ጣቢያ ሲደርስ ምን ይደርስበታል? እናቱ ጠዋት በልጇ ፋንታ ቃል ይዛ ትመለሳለች፤ «ነገ ነይ»፣ «ኃላፊው የሉም»፣ «ሌላ ጣቢያ ይፈልገዋል»። በፌስታል ስንቅ ይዛ በማግስቱም ትሄዳለች። አንዳንዱ ከአንዱ ጣቢያ በር ወጥቶ መንገዱን ሳይሻገር በሌላ ጣቢያ ይያዛል።

በዚህ መካከል የማዝነው ለዳኛው ነው። የመፍቻ ትእዛዝ በዚያ ሁኔታ መጻፍ ድፍረት ይጠይቃል። ጽፎ ፈርሞ ማኅተም ያሳረፈበት ወረቀት ጣቢያ በር ላይ ሲቆም፣ የሚታሰረው ተከሳሹ ብቻ አይደለም። ኮሚሽኑ ይህን ችግር በሪፖርቶቹ ደጋግሞ ጽፎታል። ነገር ግን ባለፈው ዓመት ስንት የመፍቻ ትእዛዝ ሳይፈጸም ቀረ፣ የት ጣቢያ፣ ስንት ቀን፣ ማን ከለከለ የሚል በየዓመቱ የሚወጣ ሠንጠረዥ እስከ ዛሬ አላየሁም። የእንግሊዙ 262 ያሳፍራል። የኛው ግን ስንት ነው?

እንግሊዞችን እያሞገስኩ እንዳልሆን፣ ፖስታ ቤታቸውን ላንሳ። ከ1999 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ከ900 በላይ የፖስታ ቅርንጫፍ ባለቤቶች በስርቆትና በሒሳብ ማጭበርበር ተከሰው ተፈረደባቸው። ጉድለቱን የፈጠረው ፉጂትሱ የሠራው ሆራይዘን የተባለ የኮምፒውተር ሥርዓት ነበር። በየመንደሩ ቴምብርና ዳቦ የሚሸጡ ሰዎች ያልወሰዱትን ገንዘብ ከኪሳቸው ከፈሉ፣ ቤታቸውን ሸጡ፣ እርጉዝ ሆና የታሰረችም ነበረች። ኮምፒውተር ዊክሊ የተባለው መጽሔት ታሪካቸውን በ2009 አወጣው፤ ሰሚ አልነበረም። አለን ቤትስ የሚባሉት የቀድሞ የቅርንጫፍ ባለቤት ከሌሎች ጋር 555 ሆነው ከስሰው በ2019 ፍርድ ቤት እውነቱን እስኪናገርላቸው ድረስ፣ ተቋሙ ለእያንዳንዳቸው «ችግሩ የደረሰው ባንተ ላይ ብቻ ነው» ይላቸው ነበር። ፓርላማው በባለቤቶቹ ላይ የተሰጠውን የጥፋተኝነት ፍርድ በጅምላ የሻረው በግንቦት 2024 ነው፤ ያውም ታሪኩ በዚያ ዓመት ጃንዋሪ በቴሌቪዥን ድራማ ቀርቦ አገር ከተቆጣ በኋላ።

እዚያ ምርጫም፣ ነጻ ጋዜጣም፣ የረቡዕ ጥያቄም ነበር። ያልነበረው ቁጥሩ ነው። አንዱ ከሌላው እንዳይተያይ ተደርጎ፣ ስንቶች መሆናቸውን ራሳቸውም አያውቁም ነበር። የተቆጠረው የእስረኞች ስህተት በሦስት ቀን ሚኒስትር አቆመ፤ ያልተቆጠረው የፖስታ ቤት ስህተት ሃያ ዓመት ሰው በላ። አገሩ አንድ ነው፣ ሕጉ አንድ ነው።

ስለዚህ ከአገሬ የምጠብቀው የእንግሊዝን ወግ አይደለም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሕግና ፍትሕ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ አለው። ፍርድ ቤቶች የጻፉትን የመፍቻ ትእዛዝ መዝገብ ላይ ያውቁታል፤ ጣቢያዎችና ማረሚያ ቤቶች ማንን እንደፈቱ ያውቃሉ። ሁለቱን መዝገቦች ማስተያየት ገንዘብ አይፈልግም፣ የውጭ ባለሙያም አያሻውም። ልዩነቱ በየጣቢያው ተሰልቶ በዓመት አንድ ቀን በምክር ቤቱ በቴሌቪዥን ይነበብ። የፖሊስ ኮሚሽነሩ ቀርበው ይስሙት። ያን ቀን የሚነሳ አንድ አባል መልሱ ሲያልፈው እንደገና «አልተመለሰልኝም» የማለት ተራ ይሰጠው።