የአማልክት የልጅ ልጆች በዛሬው ከተማ፦ ክርክር

የክርክሩ ርእስ፦ የጥንት አማልክትን ዘሮች በዘመናዊ ከተማ የሚያኖረው ምናባዊ ልቦለድ ጥንታዊውን አፈ ታሪክ ያራክሰዋልን?

ተቃዋሚ፦ አዎን፣ ያራክሰዋል። የዚህ ልቦለድ አካሄድ የታወቀ ነው፤ ብቸኛ የሆነ አንድ ወጣት አባቱ የመብረቅ አምላክ መሆኑን ድንገት ይሰማል፣ ከዚያ ወዲያ የሚሠራው ሁሉ ከደሙ የሚቀዳ ይሆናል። ቅሬታዬ ከአስማቱ ሳይሆን ከደሙ ጋር ነው። ሰው በድካምና በስሕተት ሊማረው የሚገባውን ዘር በነጻ ሲሰጠው፣ ታሪኩ ሳያውቀው የዘውድ ወራሽነትን ይሰብካል። አማልክቱም ያንሳሉ፤ በጥንቷ ግሪክ መሥዋዕት ይቀርብለት፣ መሐላና እንግዳ ይጠብቅ የነበረው የአማልክት ንጉሥ ዜውስ እዚህ ልጁን የዘነጋ አባት ብቻ ነው። ገጣሚው ሄሲዮድ እንኳ ከ2,700 ዓመታት ገደማ በፊት፣ የጀግኖቹ ትውልድ በቴቤስና በትሮይ ጦርነቶች ማለቁን፣ የእርሱ ዘመን ሰዎችም ሌላ፣ የብረት ትውልድ መሆናቸውን ጽፎ በሩን ዘግቷል።

ደጋፊ፦ ተከራካሪዬ ሄሲዮድን መጥቀሳቸው ደስ ቢያሰኘኝም እስከ መጨረሻው አላነበቡልንም፤ ዜውስ ከጀግኖቹ ከፊሎቹን በምድር ዳርቻ፣ በብፁዓን ደሴቶች እንዳኖራቸው የሚናገረው ያው ግጥም ነው። ደም በነጻ ይሰጣል የሚለው ክስ ደግሞ በጥንታዊው የግሪክ ገጣሚ በሆሜር ፊት አይቆምም። ስለ ትሮይ ጦርነት በሚናገረው ግጥሙ በኢሊያድ ዜውስ ልጁን ሳርፔዶንን ከሞት ሊያድነው ሲያመነታ፣ ሌሎቹም አማልክት የየራሳቸውን ልጆች ማዳን ይፈልጋሉ ብላ ሚስቱ ሄራ ትከለክለዋለች፤ እርሱም የደም ጠብታ ከሰማይ አዝንቦ ልጁን ለሞት ይተወዋል። ሌላው የዜውስ ልጅ ሄርኩለስም ሄራ ባመጣችበት እብደት የገዛ ልጆቹን ገድሏል። ስለዚህ ጥሩ ደራሲ ይህን የዘር ዕዳ ወደ ከተማ ሲያመጣው የሚጨምርበት ነገር የለም፤ ያገኘውን ይቀጥላል እንጂ።

ተቃዋሚ፦ ዕዳው ለባለቤቱ ዕዳ ሊሆን ይችላል፤ ለሌላው ግን ሥልጣን ነው። የሮም መሪ የሆነው ጁሊየስ ቄሳር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ69 ዓመት፣ በአክስቱ ቀብር ላይ፣ ቤተሰቡ ከፍቅር አምላክ ከቬኑስ እንደሚወለድ በሮም ሕዝብ ፊት የተናገረው ለሐዘን ብቻ አልነበረም።

ደጋፊ፦ ምስክርዎ የእኔን ነገር ያጠናክራል። ቄሳር በአደባባይ ሊናገር የቻለው ቬኑስ ቤተ መቅደስና አማኝ ስለነበራት ነው፤ የዛሬው ገጸ ባሕርይ ግን ቢናገር እብድ ይባላልና ይደብቀዋል። መሥዋዕት የማይቀርብለት አምላክ ለልጁ ሹመት አያወርስም። እርስዎ አማልክቱ አነሱ ያሉት ይህ ክፍተት፣ ለእኔ የዘውጉ ዋና ሀብት ነው።

ተቃዋሚ፦ መደበቁ ብልጫውን አያጠፋውም። ጭራቁ ባቡሩ ውስጥ ሲገባ ሊጥለው የሚችለው አሁንም ያ ባለ ደም ብቻ ነው፤ ከጎኑ የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ሁሉ ለመዳን ወይም ለመሞት እንጂ ለመምረጥ አልተጻፉም።