የቴዲ ቦይ አፍ እና ወረቀት

ነገሩን የጫረው ታናሽየው ነው። የፊሊፒንሱ ቴዎዶሮ ሎክሲን ጁኒየር ወሬ ቢነሣ «ይሄ ተሳዳቢ እንጂ ዲፕሎማት ነው እንዴ?» አለ። አገሩ «ቴዲ ቦይ» ይለዋል፤ እኛ ቴዲ ሲባል ሌላ ሰው ይመጣብናል እንጂ። ልጁ ይዞ የተነሣው የሜይ 3 ቀን 2021ን ጽሑፍ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ሎክሲን ያኔ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበር። በትዊተር ላይ ቻይናን «ወዳጄ» ብሎ፣ በምን ዓይነት ትሕትና ልንገርሽ ብሎ ጀመረና፣ ጋዜጣ በማያትመው ቃል «ጥፊልኝ» ብሎ ጨረሰ።

«ስድቡን ማን የማያውቀው አለ?» አለች እህታችን፤ በፕሮቶኮልና በስምምነቶች ሥራ ዓመታት የቆየች ናት። «ከስድቡ ጋር የሄደውን ወረቀትስ አይተኸዋል?»

በዚያው ዓመት ማርች ላይ ሁለት መቶ ሃያ ያህል የቻይና መርከቦች ፊሊፒንስ ጁሊያን ፌሊፔ በምትለው ሪፍ (በባሕር መካከል ያለ የኮራል ድንጋይ) ዙሪያ ተደርድረው ታዩ። ቦታው ከፊሊፒንስ ዳርቻ በ200 የባሕር ማይል የኢኮኖሚ ክልል ውስጥ ነው፤ በባሕር ሕግ የክልሉ ሀብት የባለ ዳርቻዋ አገር ነው። የማኒላ ውጭ ጉዳይ የተቃውሞ ማስታወሻ በማስታወሻ ላይ ይልክ ጀመር። እህታችን አሠራሩን ዘርዝራ አስረዳችው። ኖት ቨርባል የሚሉት ደብዳቤ በሦስተኛ ሰው ይጻፋል። «ሚኒስቴሩ ለኤምባሲው የከበረ ሰላምታውን እያቀረበ» ብሎ ይጀምራል። ሙሉ ፊርማ የለውም፤ አጭር ምልክትና ማኅተም ብቻ ነው። ከሰላምታው ቀጥሎ ቀኑ፣ ቦታው፣ የመርከቡ ዓይነት፣ የተፈጸመው ድርጊት ይገባል፤ በሰላምታ ይዘጋል።

«እና በሰላምታ የታሸገ ወረቀት መርከብ ያባርራል?» አለ ልጁ።

«አያባርርም። ግን ዝም ካልክ፣ ነገ ዳኛ ፊት ዝምታህ እንደ መስማማት ይቆጠርብሃል። ለዚህ ነው ለእያንዳንዱ ድርጊት ለየብቻው የሚጻፈው። ባለፈው ጽፈናል ተብሎ አይዘለልም።»

ይህን ተቀበላት። ግን የያዘውን አልለቀቀም። ያን ዕለት ሚኒስቴሩ ያወጣው ተቃውሞ የቻይና ጠረፍ ጠባቂዎች ሁለቱም አገሮች የእኔ ነው በሚሉት በስካርቦሮ ሪፍ አካባቢ የፊሊፒንስ ጀልባዎችን መንገድ ስለ መዝጋታቸው ነበር። ማን አነበበው? ዓለም የዘገበው ስድቡን ነው። ፕሬዚዳንት ዱቴርቴም ጠብ አለን ተብሎ ባለጌ መሆን የለብንም አለ። ሎክሲን የቻይናውን ሚኒስትር ዋንግ ዪን ይቅርታ ጠየቀ፤ ይቅርታው ለእሱ ብቻ መሆኑንም ጨመረበት። «ስለዚህ አፉ የራሱን ወረቀት በላበት» አለ ልጁ። እውነት ለመናገር እህታችን ለዚህ መልስ አልነበራትም።

ጋሼ እስከዚህ ድረስ ዝም ብለው ሲሰሙ ነበር። «እናንተ ከመጨረሻው ጀመራችሁት» አሉ። «የሰውየው ሙያ ብዕር ነው። አባቱ የፍሪ ፕሬስ መጽሔት አሳታሚ ነበር፤ በ1972 ፕሬዚዳንቱ ማርኮስ ወታደራዊ ሕግ ሲያውጅ ታሰረ። ልጁ ሕግ ተምሮ፣ ሃርቫርድም ሄዶ፣ በ1986 ማርኮስን ተክታ ፕሬዚዳንት የሆነችው የኮራዞን አኪኖ ንግግር ጸሐፊ ሆነ።»

ያን ዓመት ሴፕቴምበር 18 ቀን አኪኖ ለአሜሪካ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ያደረገችውን ንግግር የጻፈው እሱ ነው። ጋሼ የሚያደንቁት ሂሳቡን ነው። ንግግሩ እርዱን ብሎ አያለቅስም፤ 26 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ወረስን፣ በዓመት ከውጭ ንግድ 4 ቢሊዮን እናገኛለን፣ ከዚያ ላይ 2 ቢሊዮኑ ለወለድ ብቻ ይሄዳል፣ ሕዝቡ የዕዳውን ጥቅም አላየም ይላል። በዚያው ቀን የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት የ200 ሚሊዮን ዶላር አስቸኳይ እርዳታ በ203 ለ197 አጸደቀ። «ስድስት ድምፅ!» አሉ ጋሼ፣ አምስት ጣትና አንድ ጣት አውጥተው።

«ጋሼ፣ ያ የሴትዮዋ ግርማ ነው። ባሏን ቀብራ የመጣች መበለት ማን እምቢ ይላታል?»

«197 ሰው እምቢ አላት እኮ!»

ከዚያ ወደ ምርጫ ሕጉ ገቡ። ይህን ሰውየውን የሚያነሡ ብዙዎች ይዘሉታል፤ እኔ ግን ከሥራው ሁሉ ክብደት ያለው ይመስለኛል። ሎክሲን ከ2001 እስከ 2010 የማካቲን ከተማ ወክሎ የአገሩ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ነበር፤ የምርጫ ጉዳዮች ኮሚቴንም መርቷል። ያኔ መራጩ የእጩዎቹን ስም በእጁ ይጽፋል፣ መምህራን ጮክ ብለው እያነበቡ ጭረት ያሰምራሉ፣ ድምሩ ከጣቢያ ወደ ከተማ፣ ከከተማ ወደ ክፍለ አገር፣ ከዚያ ወደ ማኒላ በወረቀት ይገለበጣል። ሌብነቱ ያለው ከሣጥኑ ይልቅ በየግልበጣው ላይ ነው፤ ከአንዱ ትንሽ ቀንሶ ለሌላው መጨመር። ስሙም «ዳግዳግ ባዋስ» ነው፣ መደመር መቀነስ እንደ ማለት። በ2004 ሜይ 10 ተመርጦ አሸናፊው የታወጀው ጁን 24 ነው። በእሱ ኮሚቴ በኩል አልፎ በ2007 የወጣው የሪፐብሊክ ሕግ ቁጥር 9369 ቆጠራውን ለማሽን ሰጠ፤ ማሽኑ ወረቀቱን አንብቦ ውጤቱን በቀጥታ ይልካል።

«እሱም ቢሆን ሊፈርስ ትንሽ ነበር የቀረው» አለች እህታችን። ምርጫው ሜይ 10 ቀን 2010 ሊሆን፣ ሜይ 3 ላይ በሙከራ ማሽኖቹ የአካባቢ እጩዎችን ድምፅ አዛብተው አነበቡ። ችግሩ የተገኘው በትንሿ የማስታወሻ ካርድ ነው። ካርዱ ላይ የተጫነው የመስመር ርቀት ከታተመው ወረቀት ጋር አልገጠመም። 76 ሺህ ያህል ካርዶች በሳምንት ውስጥ ተሰብስበው፣ ተስተካክለው፣ በየደሴቱ ተመልሰው ታደሉ፤ ምርጫውም በቀኑ ተካሄደ። ተፈትኖ ይታሸግ የሚል ደንብ ባይኖር ስሕተቱ የሚታወቀው ከምርጫው በኋላ ነበር።

ልጁ እዚህ ላይ ትንሽ ለዘብ ያለ መሰለን። ግን ፓስፖርቱን አመጣ። ጃንዋሪ 2019 ሎክሲን በዚያው በትዊተር፣ ውሉ የተቋረጠበት የቀድሞ ፓስፖርት አታሚ መረጃውን ይዞ ሄደ ብሎ ጻፈ፤ ለማደስ የሚመጣ ሁሉ የልደት ምስክር ወረቀት ይዞ መምጣት የነበረበት ለዚህ ነው አለ። አገር ተሸበረ፣ ምርመራ ተከፈተ። ቆይቶ መረጃው እንዳልተሰረቀ፣ ሚኒስቴሩ ሊከፍተው አለመቻሉ ብቻ እንደሆነ ተነገረ፤ ለዕድሳት የልደት ወረቀት የሚለውም ቀረ። ልደት ካርድ ለማውጣት የተሰለፈ ሰው ይህ ቀልድ እንዳልሆነ ይገባዋል።

የካናዳውን ቆሻሻ ያነሡት ጋሼ ናቸው፣ ለማካካስ። ለዳግም ጥቅም የሚሆን ፕላስቲክ ተብሎ በ2013 እና 2014 ከገባው 103 ኮንቴይነር ውስጥ የቤት ቆሻሻ፣ የሕፃናት ዳይፐር ሳይቀር ተገኘ። ዓመታት ተጻጻፉ። በ2019 ለካናዳ እስከ ሜይ 15 ቀን ተሰጣት፤ ቀኑ ሲያልፍ ሎክሲን አምባሳደሩንና ቆንስሎቹን ጠራ። ሜይ 31 ላይ 69 ኮንቴይነር የጫነች መርከብ ከሱቢክ ወጣች፤ እሱም «ባይ» የሚለውን ቃል አስረዝሞ ጽፎ ሸኛት። «እዚህ ላይ ደግሞ ቀኑም፣ እርምጃውም፣ አፉም ተከታትለው ነው የመጡት» አሉ።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ። ለቻይናው ስድብ ከልጁ፣ ለምርጫው ሕግ ከጋሼ ጋር ነኝ። ወረቀቱን ተመልከት የምትለው እህታችንም መንገዱን አሳይታናለች፤ ችግሩ ያ መንገድ የሚያደርሰው እሷ ካሰበችው ቦታ አለመሆኑ ነው። ኦገስት 2016 ሎክሲን የአደንዛዥ ዕፅ ችግር ናዚዎች እንደወሰዱት ያለ «የመጨረሻ መፍትሔ» (አይሁዶችን ለፈጁበት ዕቅድ የሰጡት ስም ነው) ያስፈልገዋል፣ ማገገሚያ አያስፈልግም ብሎ ጻፈ። አፉ ነው፣ አመለጠው እንበል። ከዚያ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት የአገሩ ቋሚ መልእክተኛ ሆነ። ፌብሩዋሪ 2018 የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ዐቃቤ ሕግ የዱቴርቴን የዕፅ ዘመቻ ግድያዎች በቅድመ ምርመራ ማየት ስትጀምር፣ በቀጣዩ ወር ማርች ላይ ፊሊፒንስ ፍርድ ቤቱን ካቋቋመው ከሮም ስምምነት መውጣቷን የሚገልጸውን ደብዳቤ ኒው ዮርክ ላይ ያቀረበው እሱ ነው። በደንቡ የተጻፈ፣ ስድብ የሌለበት ወረቀት። የስምምነቱ አንቀጽ 127 መውጣቱ የሚጸናው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው ስለሚል፣ እስከዚያ የተፈጸመው በፍርድ ቤቱ ሥልጣን ሥር ቀረ፤ ማርች 11 ቀን 2025 ዱቴርቴ ማኒላ ላይ ተይዞ ፍርድ ቤቱ ወዳለበት ወደ ሄግ የተወሰደው በዚሁ ነው።

በቻይና ጉዳይ አፉና ወረቀቱ ተጣልተውበት ነበር። በዕፁ ጉዳይ ግን አንዱ በብልግና ያለውን ሌላው በትሕትና ደገመው፤ ሰውየውን የምይዘው በዚህ ነው።