ከያኒውን ስለ ሥራው ማን ጠየቀው?

በየሬዲዮውና በየዩቲዩቡ የሚቀርቡ የአርቲስት ቃለ ምልልሶችን የሚከታተል ሰው ሳያስተውለው የማይቀር ነገር አለ። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ወሬው ከየትም ይነሣ ከየት፣ መድረሻው «ስለ ወቅታዊው ሁኔታ ምን ትላለህ?» የሚል ሆኗል። እንግዳው ከጎጃም የወጣ ድምፃዊ ወይም ገጣሚ ከሆነማ ጥያቄው ሰላምታውን ተከትሎ ይመጣል። መልሱም የታወቀ ነው፤ «ፈጣሪ ሰላሙን ያውርድልን» ይባልና ይታለፋል። ሁለቱ ሰዎች አንድ ሰዓት አብረው ተቀምጠው ምንም ሳይነጋገሩ ይለያያሉ።

ይህ ጥያቄ ለጊዜው ቢቀር ደስ ይለኛል። ፖለቲካ ከጥበብ ይራቅ ማለቴ አይደለም። አቋሙን የተጠየቀ ሰው ራሱንና ቤተሰቡን ለመጠበቅ አፉን ይሰበስባል፤ ሊፈረድበትም አይገባም። መቼ እንደሚሠራ፣ ምን ጀምሮ እንደተወ፣ በምን እንደሚተዳደር የተጠየቀ ሰው ግን ሳይፈራ ይናገራል፣ የምንኖርበትንም ዘመን ቁልጭ አድርጎ ያሳየናል።

በሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከ10 ወር በኋላ ቢያበቃም፣ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል የተነሣው ግጭት ጎጃም ውስጥ ኑሮን አናግቶታል። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ሰዓት እላፊው ደግሞ በሌሊት ሠርቶ የሚበላውን ሰው ቀድሞ መታው፤ ከእነዚህ አንዱ አዝማሪ ነው።

ከአዝማሪዎች ጋር ስለ ሥራቸው ስጨዋወት የመጀመሪያው ወሬ ገቢ ነው። የጥርና የሚያዝያ ሠርግ የዓመት ቀለባቸው ነበር። አሁን ደጋሹ ድግሱን ያሳጥራል፤ ሚዜው ሳይመሽ ልሂድ ይላል። ሲጨዋወቱ ቆይተው ግን ከገንዘቡ የከበደ ነገር ያነሣሉ፤ እሱም «ተቀበል!» ነው። አዝማሪ ቤት የገባ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከታዳሚው አንዱ ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪው በማሲንቆ ተቀብሎ ያዜመዋል። ግጥሙ የእንግዳው፣ አፉ የአዝማሪው ነው። በደኅናው ጊዜ ይህ የጨዋታው ጣዕም ነበር። ዛሬ አዝማሪው አንድ ስንኝ ሲወረወርለት፣ ሰጪው ማን እንደሆነ፣ ጥግ ላይ የተቀመጠው ሰው ማን እንደሆነ፣ የማን ስልክ እየቀረጸ እንደሆነ በአንዲት የማሲንቆ ምልልስ ውስጥ አስቦ መጨረስ አለበት። ካልተቀበለ እንግዳው ይቀየማል፤ ከተቀበለ ነገ ጠያቂ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ጆሮው ያልሰማ መስሎ ወደ ትዝታ ይዞራል፣ ወይም ሙሽራዋን ያሞግሳል።

ሰምና ወርቅ ለምዶ ያደገ አድማጭም በዚህ ጊዜ የራሱን ፈተና ይጨምራል። ስለ ዓባይ ሙላት የተዘፈነ ዘፈን፣ ስለ ጠፋ በሬ የተገጠመ ግጥም፣ ሁሉም ወርቅ ይፈለግበታል። ያልተቀበረ ወርቅ የሚቆፍር ሰው ሲበዛ፣ ገጣሚው የገዛ ቃሉን ይፈራል። ይህንን ከየትኛውም የአቋም ጥያቄ አናገኘውም ነበር።

ቅኔ ቤቱ ዘንድ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ጎጃም የታወቁት የቅኔ ትምህርት ቤቶች፣ የዋሸራና የጎንጅ ሀገር ነውና ስለ ጥበብ መነጋገር እዚህ የተጀመረው በጋዜጠኛ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ቀን ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም ያዘጋጃል፤ ማታ መምህሩ ፊት ቆሞ የቆጠረውን ይነግራል። የኔታ ቤቱ (የቅኔው ስንኝ) መሙላቱን፣ ምሥጢሩ መድረሱን አድምጠው ያቃኑለታል። የተናገረው ከምን እንደመጣ ይመረመራል። በማኅሌት የሚቀርበው ቅኔም ለዕለቱ የሚሰናዳ ነው፤ ትናንት የተባለ ዛሬ አይደገምም። አንድ የቅኔ መምህር እንዳጫወቱኝ፣ የሚያሳስባቸው የተማሪው ምናብ መድከሙ ሳይሆን መንገዱ ነው። ተማሪ ከመምህር ወደ መምህር፣ ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው በእግሩ እየዞረ ነው ቅኔ የሚያበለጽገው። አሁን እናት ልጇን አኩፋዳ አስይዛ ወደማያውቀው ሀገር ለመስደድ ትፈራለች። የመጣውም ወደ ሌላ ጉባኤ ሳይሻገር ይቀራል። የአንድ መምህር መንገድ ብቻ የሚያውቅ ባለቅኔ ሲበዛ ቅኔው ይጠብባል፤ ጉዳቱ ደግሞ ዛሬ አይታይም።

«መከራ ጥበብን ይወልዳል» የሚለውን ንግግር በዚህ ምክንያት ልቀበለው አልቻልኩም። የእንዶዳሙ ተወላጅ ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ ጣሊያኖች ማርከው ወስደዋቸው ሰባት ዓመት ገደማ በእስር ቆይተዋል። ጎጃምን ለዘላለም የሣሉበት ትልቁ ልብ ወለዳቸው «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው ግን በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ከተፈቱ ከ20 ዓመት በኋላ፣ ሥራና ዕረፍት ካገኙ በኋላ። የደብረ ኤልያሱ ዮፍታሔ ንጉሤ ከቅኔ ቤት ወጥቶ ተውኔት ደራሲ የሆነ፣ በወረራው ዘመን ወደ ሱዳን የተሰደደ ሰው ነው። ብዙ ሥራው ጠፍቶብናል። ገጣሚው ዮሐንስ አድማሱ ኋላ ተነሥቶ ታሪኩን ባይጽፍልን ኖሮ፣ ዛሬ ስለ ዮፍታሔ የምናውቀው ምንኛ ባነሰ! በስደት እያለ እንዴት ይጽፍ እንደነበር፣ ምን እንደጀመረና ምን እንደጣለ ዮፍታሔን ራሱን የጠየቀና መልሱን ያስቀመጠልን ሰው ግን የለም። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ዛሬ ግን መቅረጫው በየኪሳችን ነው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በሐዲስ ዓለማየሁ ስም የሚጠራ የባህል ጥናት ተቋም አለው። ባሕር ዳርና እንጅባራም ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎቻቸው የመመረቂያ ጽሑፍ ሲሠሩ የታተመ መጽሐፍ ብቻ ከሚተነትኑ፣ አንድ አዝማሪ፣ አንዲት አልቃሽ፣ ወይም ቱሪስት ሲቀር የብራና ሥዕሉን ትቶ የሱቅ ማስታወቂያ የሚጽፍ ሠዓሊ ፊት ቢቀመጡ ምኞቴ ነው። ጥያቄዎቹም ቀላል ናቸው፦ ዛሬ ምን እየሠራህ ነው? የትኛውን ስንኝ አወጣኸው? ማንን እያሰብክ? ምን ብታገኝ ትጨርሰዋለህ?

ተናጋሪው ስሜ ይቅር ካለ ይቅርለት። ቅጂው እሱ እስኪፈቅድ ድረስ አይለቀቅ፤ ዓመታት ቢወስድም ይጠበቅ። የአዝማሪ ሰዓት ደግሞ እንጀራው ነውና፣ ለሰጠን ጊዜ እንደ ማንኛውም ባለሙያ ይከፈለው።