ኮምፔርሳቶ ሁሉ አንድ አይደለም!

ኧረ በማርያም! ዛሬ የጀልባው ወለል ሲነሣ የታየውን ካልተናገርኩት እንቅልፍ አይወስደኝም። ገና አምና የተቀየረ የኮምፔርሳቶ ወለል፣ ስስ እንጨት በኮላ ተደራርቦ የሚሠራው ጣውላ! ሦስተኛው ረድፍ ወንበር ሥር ካቻቢቴ ነካ ቢደረግ እስከ እጀታው ሰመጠ። እንጨት አይደለም፣ ውሃ የጠጣ ዳቦ ነው። ጣና ሐይቅ ላይ ዘጌ ደርሶ መልስ ሰው ከነልጁ የሚሳፈርበት ጀልባ!

አናጢው አሮጌውን ሳያነሣ አዲሱን በላዩ ቸንክሮበት ነው። በሁለቱ መሀል የገባው ውሃ በየት ይውጣ? አልበቃው ብሎ ደግሞ ምንጣፍ በኮላ ለጠፈበት። የደንገል ታንኳ እንኳ ከሐይቁ ሲወጣ ዳር ላይ ተቀምጦ ይደርቃል። ይሄ ወለል ከተገጠመ ጀምሮ አንድ ቀን አልደረቀም።

በንዴት ወደ ሱቅ። «18 ሚሊ ኮምፔርሳቶ፣ ለጀልባ የሚሆነው ማሪን የሚባለው አለህ?»

«ወንድሜ፣ ጣና ላይ እኮ ነው የምትሄደው፣ ቀይ ባሕር መሰለህ እንዴ? ኮምፔርሳቶ ኮምፔርሳቶ ነው!»

ሱቁ በሳቅ ተናጋ። ተሸካሚው ልጅ ሳይቀር። ስወጣ ደግሞ «ቻው ካፒቴን!»

እሺ፣ ስሙኝማ። እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ ነው፣ ፈንገስ ደግሞ ጨው አይስማማውም። ለእንጨት ከባሕር ይልቅ የሚከፋው እንደ ጣና ያለ ጨው አልባ ውሃና የክረምት ዝናብ ነው! የሳቀብኝ ሰውዬ ነገሩን ገልብጦ ነው የያዘው። የቤት ዕቃ የሚሠራበት ኮምፔርሳቶ ኮላው ውሃ አይችልም፣ በንብርብሩ መሀል ክፍተት አለው። የማሪኑ ኮላ ውሃ ይችላል፣ መሀሉም ድፍን ነው። እሱም ቢሆን ጥሬውን ከተገጠመ ይበሰብሳል፤ «ማሪን ነው» ብለው ሳይቀቡ የሚገጥሙትስ ስንቱን አበላሹት።

ውሃ የሚገባው በተቆረጠው ጠርዝና በብሎን ቀዳዳ ነው። ስንት ጊዜ ይነገር? ኢፖክሲ፣ ማለትም ከማጠንከሪያ ጋር ተደባልቆ የሚደርቀው ቅብ፣ ከላይም ከታችም ሁለት ሁለት እጅ፣ ጠርዙ ሦስት። ታችኛውን «ማን ያየዋል» ብለው ይተዉታል፤ የሚበሰብሰው ግን ከታች ነው! ቀዳዳውን ከብሎኑ አስፍቶ መብሳት፣ በኢፖክሲ መሙላት፣ በማግሥቱ መሀሉን በቀጭኑ እንደገና መብሳት። ያኔ ብሎኑ ኢፖክሲውን ይነክሳል፣ ውሃውም እንጨቱን አያገኘውም። ብሎኑም የማይዝግ ይሁን። የአንድ ቀን ልዩነት ነው፣ እሱንም «ጊዜ የለንም»!

በኢፖክሲ ፈንታ የሚቀቡት ርካሹ ፖሊስተር ሬዚን እንጨት ላይ በደንብ አይዝም፣ ውሎ አድሮ እንደ ቅርፊት ይላጣል። ኢፖክሲውን ደግሞ ቶሎ ይድረቅ ብለው ማጠንከሪያ ይጨምሩበታል። አይፈጥንም! መጠኑ ከተዛባ እንደተጣበቀ ይቀራል። ባለፈው ገና ያልደረቀ ወለል ላይ ሞተሩን ሊያይ የመጣው መካኒክ ከነጫማው ወጣበት። ወይ ጉድ! ብርጭቆ ወረቀት ይዘን እንደገና ከዜሮ።

ከወለሉ ሥር ያለውን ተሸካሚ ሞራሌማ ማን ይየው? በመዶሻ ኳ ኳ ማድረግ ነው። ደህናው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የበሰበሰው ድምፁ ይታፈናል። በበሰበሰ ሞራሌ ላይ የተገጠመ አዲስ ወለል ብሎን አይዝለትም። አሮጌውን ወለል ደግሞ በመጥረቢያ አትሰባብሩት፣ እባካችሁ! አዲሱ የሚቆረጠው በእሱ ልክ ተነድፎ ነው። ዳር ዳሩን ትንሽ ክፍተት መተው፣ የውሃ መውረጃውን መጥረግ። ባለፈው መውረጃው በእምቦጭ ሥር ተደፍኖ ነበር፣ እሱን የሚያጸዳ ሰው ጠፍቶ። ከላይ ምንጣፍ በኮላ አይለጠፍ፤ ቀለም ተቀብቶ ሳይደርቅ ደቃቅ አሸዋ ቢነሰነስበት እግር አያንሸራትት፣ ውሃም አይዝ።

ወንበሩስ! የሳሎን ስፖንጅ፣ የሳሎን ሌዘር፣ የጥጥ ክር። ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ፀሐይ ሌዘሩን በአጭር ጊዜ ይሰነጥቀዋል፤ ክሩ ይበሰብሳል፣ ስፌቱ ይተረተራል፣ ውሃ ይገባል። ስፖንጁ ጠጥቶ ይቀመጣል፣ እንግዳው በነጭ ሱሪው ይቀመጥበታል። የስቴፕለሩ ሽቦ ይዝግና ቡናማ እንባ ያወርዳል። ፀሐይ የሚችል ሌዘር፣ ፖሊስተር ክር፣ የማይዝግ ስቴፕል፣ መቀመጫው ጣውላ ላይ ውሃ የሚወጣበትና አየር የሚገባበት አራት አምስት ቀዳዳ። ስፖንጁን በላስቲክ ጥቅልል አድርገው የሚሰፉትም አሉ፤ በስፌቱ የገባው ውሃ እዚያው ይታሸጋል።

እግሩን ወለሉ ላይ በእንጨት ብሎን ብቻ መምታትማ ወንጀል ነው። በስቶ የሚያልፍ ብሎን፣ ከሥር ሰፊ ሮንዴላና ዳዶ። ማዕበል ሲነሣ ሰው የሚይዘው ወንበሩን እኮ ነው!

ይሄ ሁሉ የሚሆነው መስከረም ላይ እንግዳ ይመጣል እየተባለ ሥራው ነሐሴ ላይ ስለሚጀመር ነው። ዝናብ እየወረደ እንጨቱ መቼ ይደርቅና ይቀባል? ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ደረቅ ወራት ነበሩ። ያኔ ሲነገር «ጀልባው ሥራ ላይ ነው» ይባላል። ዘንድሮም ያው ነው፣ ደክሞኛል።

ኮምፔርሳቶውን የሚፈትን ነገር ደግሞ በየቤቱ አለ፦ ቁራጭ ቆርጦ ለአንድ ሰዓት መቀቀል። ኮላው ውሃ የማይችል ከሆነ ንብርብሩ እንደ መጽሐፍ ይገለጣል። ከዚያው ሱቅ ደጃፍ ያነሣሁት ቁራጭ አሁን ድስት ውስጥ እየፈላ ነው። ጠዋት ሱቁ ሲከፈት፣ ተሸካሚው ልጅም ባለበት፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥለታለሁ።