ይቺ የጎማ መብራት ልታሳብደኝ ነው!

ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት መኪና ስታስነሳ ዳሽቦርዱ ላይ የጎማ ንፋስ ሲቀንስ የምትበራዋ ቢጫ መብራት ቦግ። ጎሚስታው ጋ ስትሄድ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርግና "ምንም አልሆነም፣ ትንሽ ንፋስ ልጨምርልህ" ይላል። ከፍለህ ትሄዳለህ። በማግስቱ ያው ነው!

እሺ፣ ብርዱም አለበት። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ ንፋሱ ወደ 2 ፒኤስአይ (የጎማ ግፊት መለኪያ ነው) ይቀንሳል፣ ለዚህ ነው መብራቷ ጠዋት በርታ፣ ጣርማበርን አልፈህ ወደ ደብረ ሲና ስትወርድ ጎማው ሲሞቅ የምትጠፋው። ግን ብርድ ቢሆን አራቱም እኩል አይቀንሱም ነበር? የኔ የሚቀንሰው የኋላ ቀኙ ብቻ ነው! ይህን ለጎሚስታዎቹ ስነግራቸው "ሴንሰሩ (ጎማው ውስጥ ንፋሱን የሚለካው) ነው፣ ቀይረው" ይሉኛል። ሴንሰር ሲበላሽ እኮ መብራቷ መጀመሪያ ብልጭ ድርግም ትላለች። የኔ ቀጥ ብላ ነው የምትበራው።

በመጨረሻ አንዱ ልጅ፣ ይባረክና፣ ንፋስ የሚሞላበት ቫልቩ ላይ የሳሙና ውሃ ጠብ አደረገበት። ጥቃቅን አረፋ ቡልቅ ቡልቅ አለ። ቫልቩ ነው የሚያስተነፍሰው! ቀየረው፣ ጎማው ሳይሞቅ የመኪናው በር ላይ በተጻፈው ልክ ሞላው፣ አለቀ። ቆይ ግን፣ ሌሎቹ ጋ ሳሙና የለም እንዴ?