የላፕቶፑ ጥርስ

የመንዝ ሰው በግ ሲገዛ ዓይኑን አያምንም። አጎቴ ደብረ ብርሃን ገበያ ቆሞ የበጉን ወገብ ይጨብጣል፣ ላቱን በመዳፉ ይመዝናል፣ ከንፈሩን ገልቦ ጥርሱን ያያል። ከዚያ «ከሲታ ነው» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል፤ ሻጩ ከኋላ ከኋላው። ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩት የእህቱ ልጅ ግን ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛሁት ክዳኑ ስላብለጨለጨኝ ነው።

«ሜሞሪው ስንት ነው?» ብዬስ ነበር። «500 ጊጋ!» አለኝ ሻጩ። ሜሞሪ ሲባል ስልክ ውስጥ የምትገባው የዘፈን መያዣ ካርድ ትዝ የሚለን ሰዎች ነንና 500 ስሰማ አፌ ተከፈተ። «ራሙስ?» ስለው «8» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ቤት ወስጄ ስከፍተው፣ እኔ ጠዋት ከጋቢዬ ለመውጣት ከምፈጀው የባሰ ፈጀ። (የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ይፍረድ።) አጎቴ እኛ ቤት አድሮ ነበር።

«ጥርሱን አይተሃል?»

አሳየሁት። «ዚስ ፒሲ» የሚለው ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ከዚያ ፕሮፐርቲስ። የበግ አፍ መክፈት ከዚህ ይከብዳል። የተገጠመው ራም 4.00 ጊጋባይት፤ መጠቀም የሚቻለው 3.88።

«8 አላለህም?»

«ብሎኛል ጋሼ።»

«500ውስ?»

«እሱ ሃርድ ዲስኩ ነው፣ ጎተራው። ራሙ ደግሞ ለጊዜው የሚሠራበትን የሚዘረጋበት ሰፌዱ ነው። ሰፌድ ከጠበበ ጎተራው ቢሞላም የሚበጠረው በጭብጥ በጭብጥ ነው።»

«ከ4ቱ ላይ የጎደለችውንስ ማን በላት?»

ስክሪኑ ላይ ምስል የሚያወጣው ክፍል የራሱ ራም ስለሌለው ከዚሁ ይቆርሳል አልኩት።

«እርቦ ነዋ!» አለ። የመሬት ነገር ሲሆን ቶሎ ይገባዋል።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ አንድ ላይ ተጭኜ ታስክ ማናጀርን ከፈትኩ። ፐርፎርማንስ ውስጥ ሜሞሪ (እዚህ ራሙ ማለት ነው) ከሚለው ሥር፣ ከሁለቱ የራም ማስገቢያ የተያዘው አንዱ ብቻ እንደሆነ ተጽፏል። ሌላ ባለ 4 ቢሰካበት 8 ይሞላል እያልኩ ሳስረዳ አጎቴ ከዘራውን አንስቶ በር ላይ ደርሷል።

ሻጩ «አባቴ፣ ፎርማት ሲደረግ ጠፍቶ ይሆናል» አለ። ራም በፎርማት አይጠፋም፤ አጎቴ ይህን አያውቅም፣ ሲዋሽ የሚያፈጥ በግ ነጋዴ ግን አሳምሮ ያውቃል። ባለ 4ቷ የራም ቁራጭ ሳትሰካ ከሱቁ አልወጣም።

ባለፈው እሑድ ማኅበር ላይ አንድ ጎረቤታችን 60 በጋቸውን፣ ሁለት ወፍጮአቸውንና አዲስ አበባ አለኝ የሚሉትን ቤት ሲቆጥሩልን አመሹ። አጎቴ የጠላ ጣሳውን አስቀመጠና ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«አንተ፣ እስቲ ቀኝ ክሊክ አድርግልኝ።»